ከአቡጀዲው ኋላ የተቀመጥን ዳኞች

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ወንበር አውጥቶ ከቪዲዮ ቤቱ በራፍ አስቀመጠኝ። መተማ ዮሐንስ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጎን፣ ቪዲዮ ቤት አለው። ጄኔሬተሩ ከጓሮ እየተንደቀደቀ፣ ሰሊጥ ሊያጭዱ ከደጋ የወረዱት ልጆች አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ፊልም ያያሉ። የዚያን ዕለት ያዩት ድሮ በመድረክ ይታይ የነበረ አስቂኝ ቴአትር ነው፤ አሁን በፊልም ሠርተውታል። ሲያልቅ እየተንጫጩ ወጡ።

አንዱ ጎጃሜ ቴአትሩን አዳራሽ ገብቶ አይቶት ኖሯል። “ይኼማ ተበላሽቷል። እዚያ ሰውዬው ወደኛ ዞሮ ነበር የሚቀልደው። እዚህ ማንንም አያይም” አለ።

“አንተ ደግሞ እንዲያይህ ነው የመጣኸው?” አለው ጓደኛው። “ለኔ ፊልሙ ይበልጣል። የአፍንጫው ላብ ሳይቀር ይታያል።”

“ላብ ለማየት ከሆነማ ማሳው አይሻልህም?”

ተሳሳቁ። ከዚያ ጎጃሜው ወደኔ ዞሮ፣ “አባባ፣ እርስዎ ይፍረዱን። የቱ ይበልጣል?” አለኝ።

ሳልፈርድላቸው ተነሣሁ። ልጆቹ እርጅና ነው ብለው ተዉኝ። እኔ ግን ዱላዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሳዘግም ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። እንዲህ ያለ ክርክር ውስጥ አንድ ጊዜ ገብቼ አውቃለሁ። ብዙ አልተማርኩም፤ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም ነው ወደ ግመል የሄድኩት። ቢሆንም እንደ ምንም እጽፈዋለሁ። የደበቅሁት ነገር ስለሆነ አይደለም፤ የዚያን ዘመን የመተማ ሰው ሁሉ ያውቀው ነበር። ብቻ የሚያውቁት ሁሉ አለቁና ከኔ ጋር ብቻ ቀረ።

ጣሊያን መተማ ገብቶ የተደላደለበት ጊዜ ነው። እኔ ጢሜ ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። ሥራዬ ሐጂ ኢድሪስ ለሚባሉ ነጋዴ ግመል መጫን ነው። ሐጂ ከዚህ ሰሊጥና ሙጫ ከድንበሩ ማዶ፣ ሱዳን ወዳለችው ገላባት ያሻግራሉ፤ ከዚያ ጨው፣ ስኳርና ጨርቅ ያመጣሉ። ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። ግመል ሲያጓራ እንኳ አይጮኹበትም፤ ጆሮው ሥር ሄደው ያናግሩታል።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሰሊጡ ታጭዶ በነዶ በነዶ ቆሞ ሲንኮሻኮሽ፣ አንድ ካሚዮን ከጎንደር መጣ። የጫነው ጥይትም ዱቄትም አይደለም፤ ሥዕል የሚያንቀሳቅስ መኪና ነው ተባለ። ፀሐይ እንደ ጠለቀች ከጦር ሰፈሩ ሜዳ ላይ ሁለት ግንድ ተክለው ሰፊ አቡጀዲ ወጠሩ። ሹማምንቱና ዋና ዋና ነጋዴዎች ከፊት በወንበር ተቀመጡ። ሌላው ሕዝብ ከአቡጀዲው ኋላ መሬት ላይ ተቀመጥ ተባለ። ተቀመጥን። ሥዕሉ ለካ ከኋላም ይታያል፤ ብቻ ቀኙ ግራ፣ ግራው ቀኝ ሆኖ ነው። እኛ ይህን በምን እንወቅ? ሰዎቹ ሁሉ በግራ እጃቸው ሲበሉ፣ በግራ እጃቸው ሲጨባበጡ አየን።

“አዬ፣ ነጭ ለካ በሙሉ ግራኝ ኖሯል” አለች ከጎኔ የተቀመጠች ጠላ ሻጭ። “ለዚህ ነው ነገሩ ሁሉ የጠመመ።”

ጨዋታው በአገራቸው ከጥንት ጀምሮ በመድረክ ሲሠራ የኖረ ነው አሉ። አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ አለ። ቤተሰቤ የሚያከብረው እኔን ነው ወይስ ካባዬን? ብሎ ይጠረጥራል። ስለዚህ ካባውን ለሎሌው አልብሶ፣ እሱ የሎሌውን ቡትቶ ለብሶ በጓሮ ይገባል። ቤተኛው ሁሉ ካባ የለበሰውን ከማዕዱ ራስ አስቀምጦ ያጎርሳል። ቡትቶ የለበሰውን ሌባ ነው ብሎ በዱላ ይቀጠቅጣል፤ የገዛ ውሻው ሳይቀር ይነክሰዋል። ሎሌው ከግድግዳው ማዶ የጌታውን ጩኸት እየሰማ የዶሮውን አጥንት ይግጣል። አስተርጓሚ ተብሎ የቆመው ሰውዬ “አሁን ተቆጡ” ይላል፤ ቆይቶ “አሁን ደግሞ… ቆይ፣ አዎ፣ ሳቁ” ይላል። መጨረሻ ላይ እሱም ሆዱን ይዞ እየተንከተከተ ማስተርጎሙን ተወው። በኋላ ሠርግ ሆነ፣ ዘፈን ሆነ፣ አቡጀዲው ነጭ ሆኖ ቀረ።

በማግስቱ ከገበያው ዳር ካለው ዲማ ሥር ነገሩ ተነሣ። ዲማ ግንዱ እንደ ጎታ የወፈረ ዛፍ ነው፤ ከጥላው ሥር ሠላሳ ሰው ቢቀመጥ አይጣበብም። ያን ጊዜ፣ ጣሊያን ሳይገባ ማለቴ ነው፣ የተጣላ ሰው መንገደኛውን አስቁሞ “ፍረደኝ” ይለዋል። መንገደኛው የቱንም ያህል ቢቸኩል አለመቆም ነውር ነው። ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ዱላቸውን እየወዘወዙ፣ “በላ ልበልሃ” እየተባባሉ በግጥም ይሟገታሉ። ሙግትን እንደ ዘፈን እንወደው ነበር። ጣሊያን ከመጣ ወዲህ ዳኝነቱ ወደ እሱ ቢሮ ገባና አፋችን ዛገ። ታዲያ ፊልሙን ስናገኝ ጊዜ ተሻማንበት። የራሱ የጣሊያን ሰዎች ነገር ነውና ማን ይከለክለናል?

ለጌታው የቆሙት አባ ጓዴ ነበሩ፤ ዓይኑ በጨርቅ በታሰረ ግመል ሰሊጥ የሚጨምቁ፣ ልብሳቸው ዘይት ዘይት የሚሸት ሽማግሌ። “ሎሌው ጌታው ሲመታ ‘ጌታዬ ነው’ ማለት ሲችል ዝም ብሏል። ዝም ያለ መቷል” አሉ። ለሎሌው የሚቆም ጠፋ። እኔ ዘው አልኩ። ተንተባተብኩ፤ “ተርቦ ነበር” ብቻ ብዬ ተቀመጥኩ። ሰው ሳቀብኝ።

“ይኸ ልጅ የተሟገተው በሆዱ ነው” አሉ አባ ጓዴ።

አሁን ስለ አያ ታከለ ልናገር። የእህቴ የብርቄ ባል ነው። ከደንቢያ እስከ ሳንጃ ሙግት አዋቂ እየተባለ የሚጠራ ሰው ነበር። ጠላት ሲገባ ከአርማጭሆ አርበኞች ጋር ዱር ገባ። እዚያ እግሩን በጥይት ተመታ። በክረምቱ በበቅሎ ጭነው አወረዱትና፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ ማሳ ውስጥ፣ የሰብል ጠባቂ ጎጆ ውስጥ ደበቅነው። የሚፈልጉት ሰው ነው፤ ስሙ ተይዟል። ሐጂ ኢድሪስ በሚቀጥለው ጭነት በሙጫ ጆንያ መሐል አድርገው ገላባት ሊያሻግሩት ቃል ገብተዋል። እስከዚያ ድምፁን አጥፍቶ መቆየት ብቻ ነበር የሱ ሥራ። ድምፅ አጥፍቶ መቆየት ግን ለአያ ታከለ ከቁስሉ የባሰ ሕመም ነበር። ያ ሁሉ አፍ፣ ከጎጆው ሣር ጋር ተፋጦ መዋል። ምግብ አይወርድለትም። እህቴ ያሰናዳችውን የማሽላ እንጀራና ወተት ምሽት ምሽት አደርስለታለሁ፤ ግማሹን ይመልሰዋል።

ዲማው ሥር በተሳቀብኝ ዕለት ማታ ፊልሙን ነገርኩት። አጫወትኩት ማለት ይሻላል፤ ካባውን በጋቢ፣ ዱላውን በምሳር እጀታ አደረግሁና ተወንኩት። ሽማግሌው በገዛ ውሻው ሲነከስ፣ አያ ታከለ አፉን በጋቢው አፍኖ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ የአባ ጓዴን ሙግትና የኔን መረታት ስነግረው ዓይኑ በራ።

“ሞኝ! ‘ተርቦ ነበር’ ተብሎ ይሟገቷል?” አለኝ። “እንዲህ በላቸው። ካባውን አልብሶ ‘እኔን ሁን’ ያለው ማነው? ጌታው። ሎሌው ‘ይህ ጌታዬ ነው’ ቢል የማንን ትእዛዝ ያፈርሳል? የጌታውን። ታዞ የበላ አይከሰስም፤ አዞ የተመታ አይካስም።” ዱላውን ፈልጎ እጁ በባዶው ሄደ። “ከዛፍ ፍሬውን፣ ከነገር ሥሩን!” አለ ዝግ ባለ ድምፅ። ሙግት ሲረታ የሚላት የራሱ ቃል ናት። ወዲያው ጣቱን አነሣብኝ፤ “ሌላውን ሁሉ ውሰድ። ይህቺን ግን ተዋት። እሷ እኔ ነኝ።”

የዚያን ዕለት እንጀራውን ጨረሰው። ባዶውን ሌማት ስመልስላት እህቴ ደጋግማ አየችው። “በላ?” አለችኝ። “ምን ብትለው ነው?” ስነግራት “በል ነገም ሌላ ንገረው፤ እባክህ ወንድሜ” አለች። ይህን የማነሣው ለማመካኘት አይደለም። የሆነው እንደዚያ ስለሆነ ነው።

በማግስቱ ዲማው ሥር ቆሜ የአያ ታከለን ቃል አወረድኩት። ሰው ሁሉ “ወንድ!” አለ። አባ ጓዴ አገጫቸውን አሻሹ። እስከ ዛሬ እንደዚያች ያለች ቅጽበት አላየሁም። ትናንት ግመል ጫኝ ነበርኩ፤ ዛሬ ሽማግሌ ቦታ ይለቅልኛል። ጠላ ሻጯ እንኳ ዋንጫዬን ከሌላው ቀድማ ትሞላለች። እንዲህ ሆኖ ዋለ አደረ። አባ ጓዴ አዲስ ነገር ያመጣሉ፤ ምሽት ለአያ ታከለ አደርሳለሁ፤ መልሱን ይዤ እመጣለሁ።

አንድ ቀን አባ ጓዴ በግራ እጅ መመታትን አነሡ። “በግራ የመታ ንቆ ነው፤ ካሣው እጥፍ ነው” አሉ። ያን ጊዜ ሐጂ ኢድሪስ ከዳር ሆነው፣ “የመቱት በቀኝ ነው” አሉ።

“ሐጂ፣ ዓይንዎ ደከመ መሰለኝ” አለቻቸው ጠላ ሻጯ። “ሁላችን ነን ያየነው።”

“እኔ ከፊት ነበርኩ።”

“ከፊት የተቀመጠ የሹሙን አንገት ነው የሚያየው” አለ አንዱ። ጥላው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ሐጂም ሳቁ። ከዚያ ይህንኑ ጨዋታ ድሮ ካርቱም የግብፅ ተዋንያን በመድረክ ሲሠሩት እንዳዩት ነገሩን።

“በመድረኩ መጨረሻው ሌላ ነው” አሉ። “ሎሌው ካባውን አውልቆ በጌታው ትከሻ ላይ ይደርባል። ከዚያ ዱላውን ያነሣና ለጌታው ያቀብለዋል፤ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል። ጌታው ዱላውን ይዞ እኛን ያያል። እኛ፣ ያ ሁሉ ስንስቅ ያመሸን ሰዎች፣ ዝም አልን። ዱላውን ጣለው። አለቀ። እነዚህ ይህን ቆርጠው በሠርግና በዘፈን ዘጉት። ፊልሙ ያምራል፤ ግን ሳይፈረድ ነው የወጣነው።”

ግማሹ ሰው “ሠርጉ ይሻላል፤ ሰው ተደስቶ ይግባ” አለ። ግማሹ “የሐጂው እውነት ነው” አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ በአባ ጓዴና በኔ መካከል መሆኑ ቀርቶ፣ በመድረኩና በአቡጀዲው መካከል ሙግት ሆነ።

ማታ ግመል ስናሳርፍ ሐጂ ጠሩኝ። “ልጄ” አሉኝ፣ ግመል ሲያናግሩ እንደሚያደርጉት ቀረብ ብለው። “ይህ አፍ ያንተ አይደለም። ካባ ለብሰሃል። እኔ ካየሁት ሌላም ያየዋል። ግመሎቹ እስኪወጡ ሁለት ቀን ነው የቀረን። ዝም በል።”

“እሺ” አልኳቸው።

የዚያን ምሽት የመድረኩን መጨረሻ ለአያ ታከለ ስነግረው አልሳቀም። እንጀራውን ወደ ሌማቱ መልሶ፣ “አባ ጓዴ ረቱ” አለ።

“እንዴት ይረታሉ? እስካሁን እኛ ነን የረታን።”

“እኔ ሥራ ፈትቼ ነው ለሎሌው የተሟገትኩ። እራቱን በመብላቱ አልከሰውም። ተርቦ ነበር፤ አንተ በመጀመሪያ ያልከው ትክክል ነው። የሰው ጩኸት እየሰማ ጉርሻውን አለማቆሙ ነው ጥፋቱ። ነገ ቁምና ‘ተረታሁ’ በል። ሙግቱም ይዘጋል፣ አንተም ከሰው ዓይን ትወርዳለህ። ሐጂ ያሉህን እኔም ፈርቼዋለሁ።”

“ተረታሁ ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?”

“ቃሏ አጭር ናት” አለኝ ፈገግ ብሎ። “አትከብድም።”

ከበደችኝ። በማግስቱ ለማለት ነበር የሄድኩት፤ ይህን እግዜር ያውቃል። ዲማው ሥር ከወትሮው የበዛ ሰው ነበር፤ ከጦር ሰፈሩ የመጡ ባንዳዎችም ከዳር ቆመዋል። አባ ጓዴ ቀድመው ተነሡና፣ “ዛሬ ይህ ልጅ የሚለው ጠፍቶታል፤ እንደ መጀመሪያው ቀን ሆዱን ሊጠራልን ነው” አሉ። ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ነው ያጠፋኝ። በመጀመሪያው ቀን የሳቁብኝ ሳቅ ተመልሶ መጣብኝና ደሜ ፈላ። ተነሣሁ። ታዞ የበላ አይከሰስም አልኩ። ሳላስበው ዱላዬን መሬት መትቼ፣ “ከዛፍ ፍሬውን፣ ከነገር ሥሩን!” አልኩ።

ሰው አጨበጨበ። ከባንዳዎቹ አንዱ ከሁሉም አብልጦ አጨበጨበ። ንግግሩ የደንቢያ ነው። መጥቶ ትከሻዬን መታ አደረገና፣ “አንደበትህ ይባረክ። ይህችን ቃል ከማን ተማርካት?” አለኝ።

“ካባቴ” አልኩ።

“ጥሩ አባት ነበሩህ” ብሎ ሄደ።

የዚያን ዕለት ምሳ አልበላሁም። ወደ ጎጆው ባልሄድ ያልፍ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ግን ደግሞ ልነግረውም ይገባል። ስወላውል መሸና እህቴ ሌማቱን አስያዘችኝ፤ ማር ጨምራበት ነበር። በዞረ መንገድ፣ በቆመው የሰሊጥ ነዶ መሐል ለመሐል ሄድኩ። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የሰሊጥ ነዶ ሲነካ ይንኮሻኮሻል፤ የኔን ኮሽታ ብቻ ሰማሁ፣ የነሱን አልሰማሁም።

ጎጆው በር ላይ ሌማቱን ሳስቀምጥ መጡ። አያ ታከለ አልተነሣም፤ መነሣትም አይችል። እጁን ወደ ኋላ ሲያስሩት ቀና ብሎ አየኝ።

“ተረታሁ አልክ?” አለኝ።

ዝም አልኩ። ከዝምታዬ ሁሉን አወቀው። አልተቆጣም። “ውሰዱኝ” አለ ለነሱ።

እኔንም ወደ ሰፈሩ ወሰዱኝ፤ ግን አላሰሩኝም። የደንቢያው ባንዳ “ይህ ልጅ የኛ ነው፤ መርቶናል” ብሎ ወጥ ቤት አስገባኝ። ወጥ ሠሪው ትኩስ ዳቦ ቆርሶ ሰጠኝ። ከግድግዳው ማዶ የአያ ታከለን ድምፅ ሰማሁ። ቃል አልነበረም፤ ድምፅ ብቻ ነው። ከጧት ጀምሮ ምንም አልቀመስኩም። ዳቦው ለስላሳ ነበር። ያን ዳቦ በላሁት።

ወደ ጎንደር ወሰዱት፤ ከዚያ ወሬው ጠፋ። የሐጂ ግመሎች በቀናቸው ወጡ። ለአያ ታከለ የተመደበችው ግመል ባዶ ጀርባዋን ይዛ ነው የተሻገረችው፤ ሐጂ ሌላ እንዳንጭንባት ከለከሉ። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል አልወቀሱኝም። ብቻ እንደ ግመሎቹ ጆሮዬ ሥር ቀርበው ማናገራቸው ቀረ።

አባ ጓዴ ከዚያ በኋላ ዲማው ሥር አልመጡም። አንድ ጊዜ ከመጭመቂያቸው ደጅ ሳልፍ ጠሩኝና፣ “እኔ ነኝ ያሳቅሁብህ” አሉኝ። ሽማግሌ ሰው ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ጥፋቱን ከኔ ሊካፈሉልኝ ፈልገው ነበር። የሚካፈሉት ነገር ግን አልነበረም።

እህቴ ብርቄ ሌላ ባል አላገባችም። ጣሊያን ወጥቶ ስንት ዘመን ካለፈ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ኮኪት በምትባል መንደር ካለው ቤቷ ደጅ ማሽላ እያበጠረች ሳለ፣ “ያን ፊልም እስቲ ንገረኝ” አለችኝ። እሷ አላየችውም፤ ያን ምሽት ለሱ እየጋገረች ነበር። አልችልም አልኳት። “ለሱ ነግረኸው የለ?” አለች። ነገርኳት፤ እንደ ዱሮው ሳልተውን፣ ተቀምጬ። በየመካከሉ ታስቆመኛለች። “እዚህ ላይ ሳቀ?” ትለኛለች። “አዎ።” “ከዚያስ? ውሻው ላይስ?” “እዚያ ላይ አፉን አፈነ፤ እንባው ወረደ።” ውሻው ጋ ስደርስ እሷም ሳቀች፤ እሱ በሳቀበት ቦታ። ሎሌው እራቱን የሚበላበት ጋ ስደርስ ግን ቀጥል አላለችኝም። ሰፌዷን አንሥታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ትናንት የልጅ ልጄ ቪዲዮ ቤት ደግሞ ተቀመጥኩ። ጎጃሜው ከጓደኞቹ ጋር መጣና ያንኑ ሙግቱን ቀጠለ፤ ምሳቸውን በዳቦ እየበሉ ነው። ቴአትሩ መጨረሻው ሌላ ነው ይላል፤ ፊልሙ ጥፋተኛውን አስመልጦታል ይላል። ጓደኛው ደግሞ ሰው ለመሳቅ እንጂ ለመፍረድ አይገባም ይላል። እኔን ሲያዩኝ ቦታ ለቀቁልኝ። ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ ተቀብዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

“አባባ፣ ያን ዕለት ሳይፈርዱልን ሄዱ” አለኝ ጎጃሜው። “የማን ወገን ነዎት?”

ዱላዬን ተደግፌ ተነሣሁ። ለሙግት ተነሥቶ መቆም ወግ ነውና።

“ተረታሁ” አልኩ።

ልጆቹ ሳቁ። “ኧረ ገና መች ጀመርንና!” አሉኝ።